የጣሳው ዱቄትና የጓዳው ዱቄት

መጀመሪያ ሁለት ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ይፈለጋል። ሲሚንቶ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ይሞላባቸዋል፤ ሳይደርቅም የቧንቧ ብረት ግራና ቀኝ ይሰካባቸዋል። ቆርቆሮዎቹ መቼም እኩል ስለማይሞሉ ብረቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ልጆቹም አንድ ዙር አንስተው ሲያበቁ አዙረው ይይዙታል፤ ከባዱ ጎን ለሁለቱም ክንድ እንዲዳረስ ነው። እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉ ከተሞች ብዙ ወጣት ከብረት ጋር የሚተዋወቀው በዚህ ዓይነት ጓሮ ውስጥ ነው። ትልቅ መስታወት ያለው፣ በወር ክፍያ የሚያሠራው ጂም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ክብደት ማንሳት አጥንት ያጠነክራል፣ ለስኳር በሽታ የመጋለጥ ዕድልን ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ያስተካክላል፤ ሥራ ላጣ ወጣት ደግሞ ለቀኑ መልክ ይሰጠዋል። የሚያሳስበው ከብረቱ ጎን ተከትሎ የሚመጣው ነው፤ በመጀመሪያ የፕሮቲን ዱቄት፣ ቀጥሎ ክኒን፣ አንዳንዴም መርፌ። ምዕራብ ጎጃም ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ባቄላ፣ ሽንብራና ግብጦ የሚያመርት ምድር ነው። ቡሬ ገበያ ላይ ጫኝና አውራጁ መቶ ኪሎ ኩንታል በጫንቃው ተሸክሞ መኪና ላይ ሲያወጣ ይውላል፤ ከእህል በቀር ሌላ ነገር ወስዶ አያውቅም። በዚያው ከተማ ግን «ያለ ፓውደር ሰውነት አይመጣም» የተባለ የ19 ዓመት ልጅ ከቤተሰብ የተላከለትን ገንዘብ ለአንድ ጣሳ ዱቄት ያወጣል። ይህ ልጅ እውነቱን የሚነግረው ሰው አላገኘም። የሚፈልገው ነገር ነውር የለበትም፤ የሚያስፈልገውም ከሞላ ጎደል በእጁ ያለ ነው። በእጁ የሌለውን የሚሸጥለት ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠውን አያውቀውም።

ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ ሳይረዱ ወጣቱን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከአገር ርቆ የከረመ ሰው ወፍሮ ሲመለስ «ተመችቶሃል» ይባላል። ከስቶ ከመጣ «ምነው፣ አሞህ ነበር እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታው ይቀድማል። ኤች አይ ቪ ያለ መድኃኒት ሰው በሚጨርስበት ዘመን ክሳት ብቻውን የሐሜት ምክንያት ነበር፤ ያ ፍርሃት ከቤተሰብ ወሬ ገና አልጠፋም። ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ወንዶች 33 በመቶው ለቁመታቸው ከሚገባው ክብደት በታች መሆናቸውን መዝግቧል፤ ከመጠን በላይ የወፈሩት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። የእነዚያ ሕፃናት እኩዮች ናቸው ዛሬ በሲሚንቶ ቆርቆሮ ክንዳቸውን ለማሳበጥ የሚታገሉት። በልጅነቱ ሰውነቱ የጎደለበት ሰው በጉልምስናው ልሙላ ቢል ሊያስገርም አይገባም።

ሌላው የፍላጎቱ ምንጭ የወንድ ሰውነት ሥዕል ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሐኪም ሃሪሰን ፖፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ ልጆች የሚጫወቱበትን «ጂ አይ ጆ» የተባለ የወታደር አሻንጉሊት በሜትር ለኩት። አሻንጉሊቱ 1 ሜትር ከ78 ቁመት ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የክንዱ ዙሪያ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆን ነበር፤ በ1998 የተሠራው ግን 68 ሴንቲ ሜትር። በታሪክ ስመ ጥር የሆኑት ቦዲ ቢልደሮች እንኳ እንዲህ ያለ ክንድ አልነበራቸውም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በቀጣዩ ዓመት በኦስትሪያ፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ የሚገኙ የኮሌጅ ወጣቶችን «መሆን የምትመኙት ምን ዓይነት ሰውነት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ወጣቶቹ አሁን ካላቸው 13 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ጡንቻ ያለውን መረጡ። ሴቶች የሚወዱትም እንዲያ ያለውን ነው ብለው ገመቱ። ሴቶቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን የመረጡት ተራውን፣ ጡንቻ ያልተጫነበትን ሰውነት ነው።

ያ ሥዕል አሁን በቲክቶክ በኩል ቡሬ ገብቷል። የአባቱ ሰውነት፣ ሞፈርና ቀንበር የሠራው ቀጭንና ጠንካራ ገላ፣ ለልጁ አርአያ መሆኑ ቀርቷል። ስልኩ ላይ የሚያየው ሰው በምን ብርሃን እንደተቀረጸ፣ ከመቀረጹ በፊት ምን ያህል ውኃ እንደተከለከለ፣ በደሙ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። የራሱን ደረት ከዚያ ጋር ሲያስተያይ ግን በየቀኑ ይሸነፋል።

ታዲያ ጣሳው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ዌይ የሚባለው ፕሮቲን ምንጩ አጓት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ አይብ ፋብሪካዎች ወተቱ ረግቶ አይቡ ሲወጣ የሚቀረው ውኃማ ፈሳሽ ድሮ ወንዝ ይደፋ ወይም አሳማ ይቀለብበት ነበር፤ ዛሬ ተጣርቶና ደርቆ በዱቄት መልክ ይሸጣል። አጓት በጎጃም ጓዳም አለ። ልዩነቱ እዚህ አይብ የሚወጣው አሬራው በእሳት ሞቆ ስለሆነ ፕሮቲኑ በአብዛኛው አይቡ ውስጥ መቅረቱ ነው። በ100 ግራም አይብ ውስጥ ወደ 15 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይገኛል። ዱቄቱ መርዝ አይደለም፤ ምግብ ነው። ምግብነቱ ግን ከሌላው ምግብ በላይ አያደርገውም። አንድ ማንኪያው የሚሰጠው 24 ግራም ያህል ፕሮቲን በአራት እንቁላል ውስጥ አለ።

ስንት ያስፈልጋል የሚለውም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና 49 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንደሚያሳየው ክብደት የሚያነሳ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ካገኘ ከዚያ በላይ ያለው ለጡንቻው የሚጨምርለት ነገር እምብዛም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት እንግዲህ 96 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከጃቢ ጠህናን ወይም ከወምበርማ ወረዳ ስንቁን ይዞ መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ጓዳው ውስጥ ያለውን እንቁጠርለት። ቀኑን ሙሉ ሦስት የጤፍ እንጀራ ቢበላ ዱቄቱ 300 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህ 36 ግራም ፕሮቲን ያገኛል። ጠዋትና ማታ ወፈር ያለ ሽሮ ቢሠራ፣ በጠቅላላው 150 ግራም የሽሮ ዱቄት ቢጠቀም፣ 30 ግራም። አንድ መቶ ግራም የሽንብራ ቆሎ ኪሱ ይዞ ቢውል 20። ሁለት እንቁላል 12። ድምሩ 98 ግራም ነው። በጾም እንቁላሉን አውጥቶ 50 ግራም ኦቾሎኒ ቢያስገባ ያው ይሆናል። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን ለየብቻ የሚጎድለው ነገር አለ፤ እንጀራና ሽሮ አንድ ላይ ሲበሉ ግን አንዱ የሌላውን ይሞላል። የአገሬው ማዕድ ይህን ያወቀው ሳይንቲስቶች ከመጻፋቸው በፊት ነው።

ሒሳቡ ለሁሉም ቤት እንደማይሠራ መካድ አይገባም። እንጀራው የዳጉሳ ወይም የበቆሎ ከሆነ ፕሮቲኑ ያንሳል፤ በተለይ በቆሎ ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚያንሰው ብቻውን አያዛልቅም። እንቁላልና ባቄላ የሚወደድበት ወቅት አለ። ቢሆንም ለጣሳው የሚከፈል ገንዘብ ያለው ወጣት ለባቄላ የሚሆን ገንዘብ አለው። በዚያ ብር ስንት ኪሎ ሽንብራ እንደሚገዛ አሠልጣኙ አስልቶ ቢነግረው ኖሮ አብዛኛው ልጅ ሐሳቡን ይቀይር ነበር።

ጾሙም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና ዓርቡን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ የነቢያትን ጾም ሲደማምረው በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል። ዌይ የወተት ውጤት ስለሆነ በጾም አይነካም። ስለዚህ ወጣቱ ወይ በድብቅ ይጠጣና ኅሊናው ይወቅሰዋል፣ ወይ «ሁለት ወር የሠራሁት በጾሙ ሊቀልጥ ነው» ብሎ ይጨነቃል። ጡንቻ ግን በሽሮና በምስር አይቀልጥም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ብረቱን ወደ ማታ ቢያዞረውና ከሥራው በኋላ ጠገብ ብሎ ቢበላ ይበቃዋል።

ከሁሉም የሚያስቆጨው የግብጦ ነገር ነው። ምዕራብ ጎጃምና አዊ በአገሪቱ ግብጦ በብዛት ከሚበቅልባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው። ከደረቅ ፍሬው ከሲሶ በላይ የሚሆነው ፕሮቲን ነው፤ ከባቄላም ከሽንብራም ይበልጣል። ሌላ እህል በማይሆንበት ጭንጫ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ብዙ እርሻም አይጠይቅም። እንዲሁ ቢበላ ግን መራራ ብቻ ሳይሆን መርዛማ ነው፤ አፍ ያደርቃል፣ ያዞራል፣ ዓይን ያደበዝዛል። እናቶች ይህን ስለሚያውቁ ቆልተው በጆንያ ያደርጉትና ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዝፉታል፤ ምሬቱ እስኪወጣ እየቀመሱ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ተልጦ እንደ ቆሎ ይበላል፣ ለሽሮም ይሆናል፤ አረቄም ያወጡበታል። ይህን ያህል ፕሮቲን ያለው ምግብ ግን የድኻ ምግብ ተብሎ ተንቋል። የከተማው ወጣት ጓደኞቹ ፊት ጣሳውን እያነቃነቀ ለመጠጣት ይኮራል፣ ግብጦ ሲበላ ለመታየት ያፍራል። የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተቋቋመው የአካባቢውን ምርት እሴት ጨምሮ ለማቅረብ ነው። ምሬቱ የወጣለት፣ ይዘቱ በላብራቶሪ ተመርምሮ በግልጽ የተጻፈበት የግብጦ ወይም የሽንብራ ዱቄት ከዚያ ወጥቶ በየጂሙ ቢሸጥ ለገበሬውም ለወጣቱም ይጠቅማል።

ጥሬ እንቁላል ሰብሮ መጠጣትም በየጂሙ እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 91 በመቶውን ሲጠቀም ከጥሬው የሚጠቀመው 51 በመቶውን ብቻ ነው። ታይፎይድን ከሚያመጣው ባክቴሪያ ወገን የሆነው ሳልሞኔላም በጥሬ እንቁላል ይተላለፋል። ቀቅሎ መብላት ነው።

ከዱቄቶቹ ውስጥ ጥሩ ማስረጃ ያለው ክሬአቲን ነው። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ለጤነኛ ሰው ጉዳት ሳያመጣ ጉልበት ላይ የተወሰነ ጭማሪ ይሰጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው የክብደት ለውጥ ግን በአብዛኛው ውኃ ነው። በደም ምርመራ ላይ ክሬአቲኒን የተባለውን መለኪያ ከፍ ስለሚያደርገው ኩላሊት የታመመ ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ መናገር አለበት።

የከፋው ችግር ጣሳው ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አለመገናኘቱ ነው። በጀርመን የኮሎኝ ላብራቶሪ በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ድጋፍ ከ13 አገሮች የተገዙ 634 የስፖርት ማሟያዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱን አሳትሟል። ከእነዚህ 94ቱ፣ ማለትም 15 በመቶ ገደማ፣ ሽፋናቸው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን ነክ ነገር ተገኝቶባቸዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ምርት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልገውም። «የአሜሪካ ነው» ብሎ መተማመን ስለዚህ ዋስትና አይሆንም። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብንና መድኃኒትን የመቆጣጠሩን ሥራ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ከዱባይ በሻንጣ ገብቶ፣ አዲስ አበባ ላይ በቴሌግራም ተሽጦ፣ በአውቶቡስ ፍኖተ ሰላም የሚደርስ ጣሳ ግን በየትኛውም ተቆጣጣሪ እጅ አያልፍም። በማንኪያ እየተቀነሰ በፌስታል የሚሸጠውማ የማብቂያ ጊዜው እንኳ አይታወቅም።

ለዱቄቱ ገንዘብ የሌለው ወጣት ወደ ፋርማሲ ይሄዳል። ከሱዳን እስከ ኮንጎ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሰው ቶሎ ለመወፈር ሁለት ርካሽ ክኒኖችን እንደሚወስድ ተጠንቶ ተጽፏል፤ ዴክሳሜታዞንና ሳይፕሮሄፕታዲን። ሁለተኛው የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ያስተኛልም። የመጀመሪያው ግን በጣም ያስፈራል። ዴክሳሜታዞን ፊትን ያሳብጣል፣ ሆድና ጀርባ ላይ ስብ ይከምራል፣ ውኃ ያቁራል፤ ጎረቤትም «ተመችቶሃል» ይላል። በዚያው ጊዜ ክኒኑ የእግርና የክንድ ጡንቻን እየበላ ነው። ጡንቻ ፈልጎ ጡንቻ የሚያጠፋ መድኃኒት መዋጥ ማለት ይህ ነው። ስኳርና የደም ግፊት ያመጣል፣ ሰውነት በሽታ የመቋቋም አቅሙን ያጣል። ለሳምንታት ሲወሰድ ቆይቶ በድንገት ቢቋረጥ ደግሞ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስላቆመ ሰው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲህ ያለውን ክኒን የሚሰጥ ባለሙያ ስህተቱን በ«ልጁ ጠይቆኝ ነው» ሊሸፍን አይችልም።

ጡንቻ የሚገነቡት ሆርሞኖች፣ ቴስቶስቴሮንና ዘመዶቹ፣ በእርግጥ ጡንቻ ይገነባሉ። የሚያታልሉትም ለዚህ ነው፤ ውጤታቸው ይታያል። የማይታየውን ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመው ጥናት ለጤነኛ ወንዶች በየሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም ቴስቶስቴሮን በመርፌ ሲሰጥ ቆየ። የጥናቱ ዓላማ መርፌው ለወንዶች የወሊድ መከላከያ ይሆን እንደሆነ ማየት ነበር። በስድስት ወር ውስጥ በአብዛኞቹ ወንዶች ዘር ውስጥ ምንም ፍሬ አልተገኘም። ጂም ውስጥ የሚወሰደው መጠን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ወንድ ልጅ አግብቶ ዓመት ሳይሞላው «ምነው ዝም አላችሁ?» በሚባልበት አገር ይህን አሠልጣኞች ሊናገሩት ይገባ ነበር። መርፌው ሲቆም ዘሩ ለብዙዎች ይመለሳል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል፤ የማይመለስላቸውም አሉ። ልብም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 140 ክብደት አንሺዎችን አወዳድሮ፣ ለረጅም ጊዜ ሆርሞን የወሰዱት ልባቸው ከያዘው ደም በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው 52 በመቶ፣ ያልወሰዱት ደግሞ 63 በመቶ መሆኑን አግኝቷል። የኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ምርመራ የሚያተኩረው በተወዳዳሪ አትሌቶች ላይ ነው። ለውድድር ሳይሆን ለመስታወት የሚሠራውን ወጣት የሚጠይቀው የለም።

መስታወቱ ራሱም የሚያሳምም ጊዜ አለ። ፖፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ካነጋገሯቸው 108 ቦዲ ቢልደሮች ዘጠኙ ግዙፍ ሆነው ሳለ ከሲታ ነን ብለው የሚያምኑ ነበሩ። ሰውነታቸው እንዳይታይ ልብስ ይደራርባሉ፣ ከቤት መውጣት ያስፈራቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ይህን እንደ አንድ የሕመም ዓይነት መዝግቦታል። በእኛ አገር ምልክቱ ይህን ይመስላል፤ የዘመድ ሰርግ ላይ ተጠርቶ የሥልጠና ሰዓቴ ነው ብሎ የሚቀር፣ ማኅበር ቤት ቀርቦ እጁን የማይሰድ፣ በፀሐይ ጃኬት የማያወልቅ፣ አንድ ቀን ብረት ሳያነሳ ከዋለ እንቅልፍ የሚያጣ። ቤተሰብ ይህን ጥጋብ ወይም ዕብሪት ይለዋል። ልጁ ግን ያፍራል፤ ወንድ ልጅ ስለ መልኩ ይጨነቃል ማለት ስለማይቻል ለማንም አይናገርም።

ማን ምን ያድርግ? የጂም ባለቤት ዱቄት እየሸጠ ስለ ዱቄት ምክር ሊሰጥ አይገባም፤ ሁለቱን መለየት አለበት። አዲስ ለሚመዘገብ ልጅ የመጀመሪያው ምክር ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ በሦስት ወር ምን ያህል ለውጥ እንደሚጠብቅ መሆን ይኖርበታል። መልሱ ጥቂት ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት እንኳ የሚጨምረው ጥቂት ኪሎ ጡንቻ ነው፤ ይህ ተነግሮት የሚጀምር ልጅ በሁለተኛው ወር ወደ መርፌ አይሮጥም። የዞኑ ጤና መምሪያ ፋርማሲዎችን ሲቆጣጠር ዴክሳሜታዞን ለማን፣ በምን ማዘዣ እንደወጣ መዝገቡን ይይ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህራን ይህን ጉዳይ ክፍል ውስጥ ያንሱት፤ ተማሪው ከእነሱ ካልሰማ ከቲክቶክ ይሰማዋል።

ቀድሞውኑ የጀመረ ወጣት ደግሞ ዴክሳሜታዞኑን በራሱ ውሳኔ በአንድ ቀን አያቁመው። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሲሄድ የወሰደውን ካርቶን፣ ጣሳና የመርፌ ጠርሙስ ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙም ሳይገላምጠው ምን ያህል እንደወሰደ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከማን እንደገዛው ይጠይቀው።